ባክቴሪያ፤ ጥቅሙና ጉዳቱ

ባክቴሪያ የሚለው ቃል በተነሣ ጊዜ የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያው ወደ በሽታ ይሄዳል። ነገር ግን ባክቴሪያዎች ሁሉ የሰው ጠላቶች ናቸው ማለት፤ በአንድ ከተማ ጥቂት ሌቦች ስላሉ ነዋሪው ሁሉ ሌባ ነው እንደ ማለት ይቈጠራል። ስለዚህ እነዚህ ፍጥረታት ምን እንደ ሆኑ፤ እኛም ከእነርሱ ጋር እንዴት መኖር እንደሚገባን ባጭሩ እንገልጻለን።

የሰው፤ የእንስሳና የዕፀዋት አካል ሴል ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። በአብዛኞቹ ሴሎች ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የዘር ምልክት ኒውክሊየስ በሚባል ክፍል ተከልሎ ይገኛል። የባክቴሪያ መላ አካል ግን አንድ ሴል ብቻ ነው፤ ኒውክሊየስም የለውም። እንዲህ ያሉትን ፍጥረታት ሊቃውንት ፕሮካርዮት ይሏቸዋል። የሆላንድ ተወላጅ የነበረው አንቶኒ ቫን ሊውንሁክ በገዛ እጁ በሠራው አጉሊ መነጽር ተመልክቷቸው፤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1676 ዓ.ም. ስለ እነርሱ ጻፈ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ምግብና ሙቀት ሲስማማቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ አንዱ ተከፍሎ ሁለት ይሆናል። በዚህ አኳኋን ሳይቋረጥ ቢራባ፤ ከአንዱ ብቻ በ7 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ይገኛል።

ጥቅማቸውን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ ኮምጣጣ ጣዕም የሚሰጡት በእርሾው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። በማሳም የባቄላ ተክል ነቅሎ ሥሩን የተመለከተ ሰው ትንንሽ እባጮችን ያያል። በእነዚያ እባጮች ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጂን የተባለውን ነገር ከአየር ወስደው ለተክሉ ምግብነት ይለውጡታል። ገበሬያችን ስንዴ ባጨደበት ማሳ በሚከተለው ዓመት ባቄላ ወይም አተር ሲዘራ መሬቱ ኃይሉን የሚያድሰው ስለዚህ ነው። ደግሞም የረገፈ ቅጠልና የሞተ እንስሳ በስብሶ ወደ አፈር እንዲመለስ ያደርጋሉ። በአንጀታችን የሚኖሩትም ምግብ በመፍጨት ይረዱናል፤ ለጎጂዎቹም ሥፍራ ይነሷቸዋል።

ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ ግን ብርቱ በሽታ ያመጣሉ። ሮበርት ኮኽ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1882 ዓ.ም. የሳንባ ነቀርሳ የሚመጣው ከባክቴሪያ መሆኑን ገለጸ። በ1928 ዓ.ም. አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን አገኘ። ከዚያ ወዲህ አንቲባዮቲክ የሚባሉት መድኃኒቶች እጅግ ብዙ ሕይወት አድነዋል። ሆኖም ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት በተቀበለ ጊዜ፤ መድኃኒቱን ከሚገባው መጠን አሳንሶ መውሰድ ባክቴሪያውን መድኃኒት እንዲለምድ እንደሚያደርገው አስጠንቅቋል።

ነገሩም እንዲህ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያዎች መካከል ጥቂቶቹ በተፈጥሯቸው መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ሊሆኑ ይችላሉ። መድኃኒቱ ደካሞቹን ሲገድል እነዚህ ይተርፋሉ፤ በባዶውም ሥፍራ ይራባሉ። ከዚህም የባሰ፤ ይህን ጠባያቸውን ለሌሎች ባክቴሪያዎች ያካፍላሉ። በዚህም ምክንያት አንድ ሰው በግዴለሽነት የዋጠው ኪኒን መድኃኒት የለመደውን ባክቴሪያ ለጎረቤቱ ልጅ ሊያተርፍ ይችላል።

እንግዲህ፤ ክቡራን አንባብያን፤ ጉንፋን በያዛችሁ ጊዜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ አትግዙ። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ስለ ሆነ ይህ መድኃኒት አያድነውም፤ ይልቁንም በአንጀታችሁ ያሉትን ወዳጆች ይገድላል። ሐኪም ባዘዘላችሁ ጊዜ ግን መጠኑንና ቀኑን ጠብቃችሁ ውሰዱ። ሕመሙ ቀለል አለኝ ብላችሁ በገዛ ፈቃዳችሁ አታቋርጡ፤ የተረፈውንም በቢሮ መሳቢያ አኑራችሁ ለባልንጀራ አታካፍሉ። እጅን በሳሙና መታጠብና ውኃን አፍልቶ መጠጣት ገና ከመጀመሪያው ብዙ በሽታ ያስቀራል፤ ያልታመመ ሰውም መድኃኒት አያሻውም።