ልጁ ከዛፍ ሲወድቅ



በየሰፈሩ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም። ተቀመጥ ሲሉት የሚነሣ፣ አትውጣ ሲሉት ቅርንጫፍ ላይ የሚገኝ፣ የጉልበቱ ቁስል ሳይሽር ክርኑን የሚላጥ ልጅ። በቦንጋና በአካባቢዋ ደግሞ ተፈጥሮው ራሱ እንዲህ ያለውን ልጅ ይጣራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌርነት የመዘገበው የከፋ የቡና ደን ለብዙ ቤተሰብ ከጓሮው ብዙም አይርቅም። ዶቅማው ሲበስል፣ ዋንዛው ሲያፈራ ልጅ ዛፍ ላይ መውጣቱ አይቀርም። ትልልቆቹ ረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉና ማር ሲቆርጡ እያየ ያደገ ልጅማ መሞከሩ የታወቀ ነው። በከፋ ዝናብ ደግሞ ግንዱ ያሟልጫል።

የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 ባወጡት ሪፖርት፣ በዓለም ላይ በየቀኑ ከ2,000 በላይ ልጆች በድንገተኛ አደጋ እንደሚሞቱ ገልጸው ነበር። አብዛኛው የሚደርሰውም እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው። በዛሬው ዝግጅታችን በተለይ ስለ መውደቅና ስብራት እንነጋገራለን።

ልጁ ለምን ደበቀ?

ለምሳሌ አንድ የ9 ዓመት ልጅ እናስብ። ከቁርኣን ትምህርት ሲመለስ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ቅርንጫፉ ይሰበርና በተዘረጋ እጁ ላይ ይወድቃል። ክርኑ ያብጣል። ቤት ሲገባ ግን ምንም አይናገርም፤ "ዛፍ ላይ አትውጣ" ተብሏልና ዱላውን ይፈራል። እናቱ የምታውቀው በመግሪብ ለውዱእ ጆጉን ማንሣት ሲያቅተው ነው። እስከዚያ ሦስት ሰዓት አልፏል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ከአፋችን የሚወጣው ቃል ነው። "ስትጎዳ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ፤ በዚያን ቀን አልቆጣህም" ብሎ አስቀድሞ ለልጅ ቃል መግባትና ቃሉን መጠበቅ ያስፈልጋል። ምክሩና ተግሣጹ ከዳነ በኋላ ይደርሳል።

የጠበቀ እሥር የሚያመጣው ጉዳት

አጥንት ሲሰበር ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ቅርብ ነው፤ ጎረቤትም ዘመድም ነው፤ ብዙ ሰው አክሟል። ችግሩ የሚመጣው የተሰበረው እጅ ታሽቶ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጥብቅ ተደርጎ ሲታሠር ነው። ስብራት ከታሠረ በኋላም ማበጡን ይቀጥላል። እብጠቱ ወደ ውጭ መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫንና የደም ሥሮችን ይዘጋል። ለሰዓታት ደም ያጣ ጡንቻ ይሞታል፤ ጣቶች ይጠቁራሉ፤ መጨረሻው እጅን መቁረጥ ሊሆን ይችላል። አንድ ተራ ስብራት የልጅን እጅ የሚያሳጣው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ የወጌሾች ክፋት ሳይሆን የዕውቀት ጉዳይ ነው። በጉራጌ በሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል አካባቢ ላሉ ወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ከሥልጠናው በኋላ በእሥር ምክንያት የሚቆረጡ እጅና እግሮች በእጅጉ ቀንሰዋል።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

• የተሰበረውን አትጎትቱ፣ አትሹ፣ ለማስተካከልም አትሞክሩ። ባለበት ሁኔታ በካርቶን ወይም በጣውላ ደግፋችሁ በሻርፕ ወይም በነጠላ ላላ አድርጋችሁ እሠሩት፤ በእሥሩ ሥር ጣት መግባት አለበት።
• አምባርና ክር ካለ ሳያብጥ አውልቁ።
• አጥንት ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ወደ ውስጥ አትግፉት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወዲያው ሂዱ። የቴታነስ ክትባቱንም ጠይቁ።
• ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል ሐኪም ሳያየው ምግብና መጠጥ አትስጡት።
• በጄሶም ሆነ በወጌሻ ከታሠረ በኋላ ጣቶቹን ደጋግማችሁ እዩ። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሲዘረጉ ክፉኛ ካመሙት፣ እሥሩ በዚያው ሰዓት መላላት አለበት። "ሊሽር ሲል ነው የሚያመው" እየተባለ እስኪነጋ አይጠበቅም። ወደ ቦንጋው ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ወይም ቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም አድርሱት።
• ጭንቅላቱን ተመትቶ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከያዘው፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ አትዘግዩ። አንገቱን ካመመው ደግሞ ሳታንቀሳቅሱ እርዳታ ጥሩ።

የወጥ ቤቱ አደጋ

ዛፍ ላይ የማይወጣውን ትንሹን ልጅ አደጋው ቤት ውስጥ ያገኘዋል። በተለይ በረመዷን ከመግሪብ በፊት ያለችው ሰዓት አስጊ ናት። ሾርባው ይፈላል፣ የሳምቡሳው ዘይት ግሏል፣ እናት ተጣድፋለች፣ ልጆች ምድጃውን ከበዋል። በዚያች ሰዓት አንድ ትልቅ ሰው ልጆቹን ከወጥ ቤት ውጭ ቢይዝ ትልቅ ሥራ ነው። ልጅ ከተቃጠለ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ አፍስሱበት። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ጭቃ አትቀቡት። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከተቃጠለ ወይም ቁስሉ ከልጁ መዳፍ ከሰፋ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲመሽ ልጆችን እንድንሰበስብና ስንተኛ እሳት እንድናጠፋ ማዘዛቸውንም እናስታውስ።

ውሻ የነከሰውን ልጅ ቁስል በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ለክትባት ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

የሚጠግን ምግብ

አጥንት ለመግጠም ፕሮቲንና ካልሲየም ይፈልጋል። ቆጮ ያጠግባል፤ ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ነው። ስለዚህ ከጎመንና ከአይብ ጋር አብሉት፤ ወተት፣ እርጎ፣ እንቁላል፣ ባቄላና ምስር ጨምሩ። ዘይቱናና ብርቱካንም ለቁስል መዳን ይረዳሉ። የቅልጥም መረቅ ጥሩ ነው፤ ካልሲየሙ ግን ከአንድ ብርጭቆ ወተት ጋር አይወዳደርም።

ውድ ወላጆች፣ "የአላህ ቀደር ነው" ማለት እውነት ነው፤ ሰበብ ማድረስም ከእኛ ይጠበቃል። ግመሉን አሥሮ መመካት የተማርነው ነገር ነው። ቀልጣፋን ልጅ ዛፍ እንዳያይ ማድረግ አይቻልም፤ የረጠበውንና የደረቀውን ቅርንጫፍ እንዲለይ ማስተማር ግን ይቻላል። ከወደቀም ሳይፈራ ወደ እናንተ ይምጣ።

አላህ አማናዎቻችንን ይጠብቅልን።