ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ደኅንነቱ የተጠበቀ መንገድ፤ የመንግሥት ገንዘብ አመዳደብ ከአሜሪካ ተሞክሮ አንጻር ሲታይ

መግቢያ

ሕፃናት በእግር ወይም በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ሲመላለሱ ከአደጋ የሚጠብቃቸው መንገድ ምን መምሰል እንዳለበት የዘርፉ ባለሙያዎች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያውቃሉ። ያልተቆራረጠ የእግረኛ መንገድ፣ በትምህርት ቤቱ በር አቅራቢያ በጉልህ የተቀባ ማቋረጫ፣ አሽከርካሪው ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያስገድድ ጉብታ፣ ብስክሌትን ከመኪና የሚለይ መስመር ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ሥራዎቹ ከአውራ ጎዳና ግንባታ ጋር ሲነጻጸሩ አነስተኛ ወጪ የሚጠይቁ ቢሆኑም በብዙ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ደጃፍ አይገኙም። ከዚህ በመነሣት ሊጠየቅ የሚገባው፣ ዕውቀቱ እያለ ሥራው ለምን ይቀራል የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ መልሱን በገንዘብ አመዳደብ ውስጥ ይፈልጋል። ለዚህም በአሜሪካ «ደኅንነቱ የተጠበቀ የትምህርት ቤት መንገድ» በሚል መጠሪያ የተቋቋመውን የፌዴራል መርሐ ግብር በመመርመር፣ ከገንዘቡ መጠን ባልተናነሰ ገንዘቡ የሚሰጥበት ደንብ ውጤቱን እንደሚወስን ያስረዳል። በማጠቃለያውም ተሞክሮው ለኢትዮጵያ ያለውን ፋይዳ ይጠቁማል።

የችግሩ መነሻ

እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 14 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል 48 በመቶ የሚሆኑት በእግር ወይም በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። በ2009 ይኸው ቁጥር ወደ 13 በመቶ አሽቆለቆለ። ለለውጡ በርካታ ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ከመኖሪያ ሰፈሮች ርቀው በከተሞች ዳርቻ ተሠሩ፤ መንገዶች ለመኪና ፍጥነት እንዲመቹ ሆነው ሲሰፉ የእግረኛ መንገድ ተዘነጋ። ወላጆችም የትራፊኩን አደጋ ፈርተው ልጆቻቸውን በመኪና ማድረስ ጀመሩ። ይህ ደግሞ በትምህርት ቤቶች በር ላይ የሚጨናነቀውን መኪና ስላበዛ፣ በእግራቸው መሄዳቸውን ለቀጠሉት ልጆች መንገዱ ከቀድሞው የባሰ አስጊ ሆነ። አንዱ ወላጅ ለልጁ ደኅንነት ሲል የወሰደው እርምጃ የሌላውን ልጅ አደጋ ላይ ጣለ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አዙሪት ወላጆች በተናጠል ሊሰብሩት ስለማይችሉ የመንግሥት ጣልቃ ገብነት አስፈላጊ ይሆናል።

ከሙከራ ወደ ሕግ

የመርሐ ግብሩ ሐሳብ የመነጨው ከዴንማርክ ነው። በ1970ዎቹ የኦደንሰ ከተማ በትምህርት ቤቶች ዙሪያ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶችን በማሻሻል ፈር ቀዳጅ ሆነች። በአሜሪካ የመጀመሪያው ሥራ በ1997 በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ ክፍል ተጀመረ። በ1999 የካሊፎርኒያ ግዛት ለዚሁ ዓላማ ገንዘብ የሚመድብ ሕግ በማውጣት ቀዳሚ ሆነች። በ2000 ደግሞ በካሊፎርኒያ ማሪን ካውንቲና በማሳቹሴትስ አርሊንግተን ከተማ በፌዴራል መንግሥቱ ድጋፍ የሙከራ ፕሮጀክቶች ተካሄዱ። የተመደበላቸው ገንዘብ ለእያንዳንዳቸው 50,000 ዶላር ብቻ ነበር።

እነዚህን ሙከራዎች መሠረት በማድረግ፣ የሚኒሶታው የምክር ቤት አባል ጄምስ ኦበርስታር ባደረጉት ያልተቋረጠ ጥረት፣ በነሐሴ 2005 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የትራንስፖርት ሕግ መርሐ ግብሩን በመላ አገሪቱ አቋቋመ። ከ2005 እስከ 2009 ላሉት የበጀት ዓመታትም 612 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ።

ገንዘቡ የተሰጠባቸው ደንቦች

የ2005ቱ ሕግ ልዩ ጠባይ በአራት ደንቦች ይገለጻል። አንደኛ፣ ገንዘቡ ለግዛቶች የተከፋፈለው በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻቸው ባሉት ተማሪዎች ብዛት ልክ ነው። ሆኖም አነስተኛ ሕዝብ ያላቸው ግዛቶች እንዳይጎዱ ማንኛውም ግዛት በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር እንዳያንስበት ተደንግጓል። ሁለተኛ፣ ከገንዘቡ ከ10 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ከግንባታ ውጭ ላሉ ተግባራት፣ ማለትም ለትምህርት፣ ለቅስቀሳና ለትራፊክ ሕግ ማስከበር እንዲውል ተወስኗል። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ግዛት የሙሉ ጊዜ አስተባባሪ እንዲቀጥር ተገዷል። አራተኛውና ዋነኛው፣ ሙሉው ወጪ በፌዴራል መንግሥቱ እንዲሸፈን መደረጉ ነው። በሌሎች የመንገድ ፕሮጀክቶች የአካባቢው አስተዳደር ከወጪው የተወሰነውን ማዋጣት የተለመደ ሲሆን፣ በዚህ መርሐ ግብር ግን መዋጮ አልተጠየቀም። በመሆኑም የራሱ ገቢ የሌለው ድኃ ወረዳ ከባለጸጋው እኩል የማመልከት ዕድል አገኘ።

ይሁን እንጂ ሕጉ አንድ ብርቱ ችግርም ነበረበት። ፕሮጀክቶቹ በፌዴራል አውራ ጎዳና ደንብ እንዲተዳደሩ ስለተደረገ፣ አንድ መቶ ሜትር የማይሞላ የእግረኛ መንገድ ለመሥራት ለትልቅ ድልድይ ከሚጠየቀው ጋር የሚመሳሰል የሰነድ ሂደት ማለፍ ግድ ሆነ። በተጨማሪም ክፍያው የሚፈጸመው አስተዳደሩ በቅድሚያ ከራሱ ካዝና ካወጣ በኋላ ወጪውን በመተካት ነው። መሐንዲስና የሂሳብ ባለሙያ የሌላቸው ትንንሽ አስተዳደሮች በዚህ ምክንያት ተቸገሩ፤ የገንዘቡም አጠቃቀም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዝጋሚ ነበር።

የታየው ውጤት

ሥራው በተከናወነባቸው ቦታዎች የተደረጉ ጥናቶች አበረታች ውጤት አሳይተዋል። በኒው ዮርክ ከተማ አዳዲስ የትራፊክ መብራቶች፣ ለእግረኛ ብቻ የተለየ የማቋረጫ ጊዜ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎችና ጎልተው የሚታዩ ማቋረጫዎች ተሠርተው ነበር። ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት በ2013 የወጣ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ ማሻሻያው በተደረገባቸው አካባቢዎች ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት በሚመላለሱባቸው ሰዓቶች በእግረኛ ሕፃናት ላይ የሚደርሰው የአካል ጉዳት መጠን በ44 በመቶ ቀንሷል። ማሻሻያው ባልተደረገባቸው አካባቢዎች ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም።

በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በፍሎሪዳ፣ በኦሪገን፣ በቴክሳስና በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኙ 801 ትምህርት ቤቶችን መርምሯል። በጥናቱ መሠረት የምህንድስና ማሻሻያዎች በእግርና በብስክሌት የሚሄዱትን ተማሪዎች ድርሻ ቀድሞ ከነበረበት በ18 በመቶ ከፍ ከማድረግ ጋር ተያይዘዋል። ትምህርትና ቅስቀሳም በአምስት ዓመታት ውስጥ እየተጠራቀመ የ25 በመቶ ጭማሪ ሊያስገኝ እንደሚችል ተገምቷል። ይህም ከገንዘቡ የተወሰነው ከግንባታ ውጭ ለሆነ ሥራ እንዲውል መደንገጉ ተገቢ እንደነበር ያሳያል።

ስሙን ያጣ በጀት

ውጤቱ ይህን ቢመስልም፣ በ2012 የወጣው አዲስ የትራንስፖርት ሕግ መርሐ ግብሩ ራሱን ችሎ እንዳይቆም አደረገ። የትምህርት ቤት መንገድ ከመዝናኛ መንገዶችና ከመሰል ሥራዎች ጋር በአንድ ቋት ተጠቃለለ። የአካባቢ አስተዳደሮች በጥቅሉ 20 በመቶ እንዲያዋጡ ተደረገ፤ ግዛቶችም ከቋቱ እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ወደ ሌሎች የመንገድ ሥራዎች ማዛወር ተፈቀደላቸው። የሙሉ ጊዜ አስተባባሪ የመቅጠር ግዴታም ቀረ።

የለውጡ ትርጉም ግልጽ ነው። የትምህርት ቤት መንገድ ሥራ አሁንም በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ሆኖም የግድ መሠራቱ ቀርቷል። ሃያ በመቶው መዋጮ ለሀብታም ከተማ ቀላል ሲሆን፣ ልጆቹ በብዛት በእግራቸው ለሚሄዱበት ድኃ ሰፈር ግን በሩን የሚዘጋ ነው። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ይህን በከፊል አርሟል። ሕጉ የቋቱን ገንዘብ አሳድጎታል፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ተጠቃሚ እንዲሆኑ አድርጓል። ለመንገድ ደኅንነት የሚሰጥ ሌላ የፌዴራል ገንዘብ በአካባቢው መዋጮ ፈንታ እንዲያገለግል ከመፍቀዱም በላይ፣ ግዛቶች ፕሮጀክት ሲመርጡ ከፍተኛ ችግር ላለባቸው አካባቢዎች ቅድሚያ እንዲሰጡ ደንግጓል። ይሁንና በ2005 የነበረው ራሱን የቻለ የፌዴራል በጀት አልተመለሰም።

ለኢትዮጵያ ያለው ፋይዳ

የሁለቱ አገሮች ሁኔታ በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያያል። አሜሪካ ገንዘቡን የምታወጣው በእግር መሄድ የተዉ ልጆችን ለመመለስ ጭምር ነው። በአዲስ አበባ ግን ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር የሚከናወኑ ናቸው፤ አብዛኞቹ ተማሪዎችም እግረኞች ናቸው። እኛ ዘንድ ልጆቹ አስቀድመው በመንገዱ ላይ ስላሉ የሚቀረው መንገዱን ለእነርሱ የሚመች ማድረግ ነው። ተማሪ ትራፊኮች ምልክት ይዘው ታናናሾቻቸውን ሲያሻግሩ ማየት የተለመደ ነው። ተግባሩ የሚመሰገን ቢሆንም፣ ፍጥነትን የሚገታ ጉብታና ማቋረጫ በሌለበት ልጅን በልጅ ማስጠበቅ ዘላቂ መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

ርካሽ ሥራ ውጤት እንደሚያመጣ በቅርባችን ታይቷል። አሜንድ የተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት በዳሬሰላም በትምህርት ቤቶች ዙሪያ የእግረኛ መንገድ፣ ጉብታና ማቋረጫ በመሥራት የጀመረው ፕሮጀክት በሌሎች የአፍሪካ ከተሞችም ተስፋፍቶ በ2019 ዓለም አቀፍ የከተሞች ሽልማት አግኝቷል። ሥራው በተካሄደባቸው ቦታዎች የጉዳት መጠን በ26 በመቶ መቀነሱ ተገልጿል። ነገር ግን በእርዳታ የተሠራ ማቋረጫ ቀለሙ ሲለቅ መልሶ የሚቀባው የመንግሥት በጀት ነው።

በአገራችን ለዚህ የሚሆን መነሻ አለ። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ያላት ሲሆን፣ በአገር አቀፍ ደረጃም ተመሳሳይ ስትራቴጂ ወጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድም ከመንገድ ጥገና ጎን ለጎን የመንገድ ደኅንነትን እንዲደግፍ ታስቦ የተመሠረተ ነው። ከላይ ከተዘረዘረው ተሞክሮ በመነሣት ሦስት ነጥቦች ሊጤኑ ይገባል። ለትምህርት ቤት መንገድ የሚውለው ገንዘብ በራሱ የበጀት ርዕስ ቢያዝና ወደ ሌላ ሥራ እንዳይዛወር ቢደረግ፤ አቅም የሌላቸው ወረዳዎች መዋጮ እንዳይጠየቁና ገንዘቡ በቅድሚያ እንዲለቀቅላቸው ቢፈቀድ፤ ለአነስተኛ ሥራዎችም ቀለል ያለ የግዥና የሰነድ ሥርዓት ቢዘረጋ የታሰበው ከወረቀት ወደ መሬት ሊወርድ ይችላል።

ማጠቃለያ

የአሜሪካ ተሞክሮ እንደሚያሳየው፣ መዋጮ የማይጠየቅበትና በስሙ የተያዘ በጀት በሰባት ዓመታት ውስጥ የትምህርት ቤት መንገድን በመላ አገሪቱ የመንግሥት ሥራ አድርጎት ነበር። ያው ሥራ በጥቅል ቋት ውስጥ ሲገባ ለፉክክርና ለዝውውር ተጋለጠ፤ በፉክክሩም ቀድመው የተጎዱት አቅም የሌላቸው አካባቢዎች ናቸው። ስለዚህ የበጀት ደንብ የሚያረቅቅ ባለሙያ ስለ መዋጮና ስለ ክፍያ አፈጻጸም አንድ አንቀጽ ሲጽፍ፣ የትኛው ሰፈር ልጅ በማቋረጫ ላይ፣ የትኛውስ በመኪኖች መካከል እየተሽሎከለከ ወደ ትምህርት ቤቱ እንደሚደርስ እየወሰነ መሆኑን ሊያስተውል ይገባል።