በሊኑክስ የሚሠራ ያገለገለ ኮምፒዩተር ቪዲዮ ሲያዘገይ ምክንያቱና መፍትሔው

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃ ስለ ሆነ፣ ዊንዶውስ 11ን ለመቀበል ለማይችሉት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ዋጋ የማይከፈልበት ሊኑክስ ምትክ ሆኖ ይቀርባል። ሊኑክስ ለሒሳብ መዝገብ፣ ለደብዳቤና ለደረሰኝ ሥራ እምብዛም አያስቸግርም። ባለቤቱ የሚደነግጠው ቪዲዮ የከፈተ ጊዜ ነው፤ ሥዕሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ቀድሞ ይሄዳል፣ የማቀዝቀዣው ፋን ይጮኻል። ያን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ብዙውን ጊዜ «ካርዱ ሞቷል» የሚል ነው።

ይህ ፍርድ ገንዘብ ያስከፍላል። መሣሪያው በኪሳራ ይሸጣል፣ ወይም አዲስ ካርድ ይታዘዛል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲታሰብ ምን ያህል እንደ ተወደደ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ በወላይታ ሶዶ፣ በቦዲቲ ወይም በአረካ ዘፈንና ፊልም በፍላሽ እየጫነ የሚሸጥ ባለሱቅ፣ ወይም ቡናውንና ዝንጅብሉን ሩቅ ላለ ገዢ በቪዲዮ የሚያሳይ ላኪ፣ ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ጥፋቱ ከየት እንደ ሆነ ቢለይ ይጠቀማል።

ቪዲዮ በፋይል ውስጥ የሚቀመጠው እንደ ልብስ ቦንዳ ተጨቁኖ ነው። 1280 በ720 ነጥብ የሆነ ሥዕል በሴኮንድ 30 ጊዜ ሲለዋወጥ፣ በየሴኮንዱ 27 ሚሊዮን 648 ሺሕ ነጥቦች ተፈትተው መቅረብ አለባቸው፤ 1920 በ1080 ሲሆን ቁጥሩ ወደ 62 ሚሊዮን 208 ሺሕ ይወጣል። ይህን የመፍታት ሥራ ፕሮሰሰሩ ሊሠራው ይችላል፤ በግራፊክስ ካርዱ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ክፍልም ሊሠራው ይችላል። የካርዱ ክፍል ፈጣንና ሙቀት የማያበዛ ነው፤ ነገር ግን የሚያውቀው በተሠራበት ዘመን የነበረውን የአስተሳሰር ዓይነት ብቻ ነው። ከእርሱ በኋላ የወጣ ዓይነት ሲመጣበት ሸክሙ በሙሉ ወደ ፕሮሰሰሩ ይመለሳል። ያረጀ ፕሮሰሰር ደግሞ ይህን አይችለውም።

የዘመኖቹን ልዩነት ለመረዳት የኢንቴልን ዕቃ መመልከት ይበቃል (ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2003 የወጣውን ኤች264 የተባለውን ዓይነት በ2011 የወጣው 2ኛው ትውልድ በሚገባ ይፈታዋል። ኤችኢቪሲን ለመፍታት ግን የ2015 ምርት የሆነው 6ኛው ትውልድ፣ ቪፒ9ን በሙሉ ለመፍታት በ2016 የወጣው 7ኛው፣ ኤቪ1ን ለመፍታት ደግሞ በ2020 የወጣው 11ኛው ትውልድ ያስፈልጋል። ዩቲዩብ ዛሬ በአብዛኛው የሚልከው ቪፒ9ንና ኤቪ1ን ነው። እንግዲህ የ2ኛው ትውልድ መሣሪያ በዩቲዩብ ቢንገዳገድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ የማያውቀውን ቦንዳ እንዲፈታ ተሰጥቶታል እንጂ።

ምርመራው የሚጀመረው በቀላሉ ነው። በመሣሪያው ውስጥ የተቀመጠ ፋይል በደንብ እየታየ ከኢንተርኔት የሚመጣው ብቻ የሚቆም ከሆነ፣ በመጀመሪያ መስመሩን መጠርጠር ይገባል። ሁለቱም የሚዘገዩ ከሆነ ከሥርዓቱ መግለጫ ገጽ ላይ «ግራፊክስ» የሚለውን ማንበብ ነው። በዚያ ቦታ የካርዱ ስም ቀርቶ «ኤልኤልቪኤም ፓይፕ» የሚል ከተጻፈ፣ ካርዱ ጭራሹን ሥራ ላይ አልዋለም፤ ሥዕሉን ሁሉ የሚሥለው ፕሮሰሰሩ ነው። ለዚህ አንደኛው ምክንያት ሊኑክስ ሲጫን «ሴፍ ግራፊክስ» የሚለው ምርጫ ተወስዶ «ኖሞድሴት» የምትባለው ቃል በማስነሻው ትእዛዝ ውስጥ መቅረቷ ነው። ስንቱ ደህና ካርድ በዚህች ቃል የተነሣ ተጥሎ ይሆን! ቃሏን አጥፍቶ መሣሪያውን እንደገና ማስነሣት ምንም ወጪ የለውም።

የካርዱ ስም በትክክል ከተገኘ ወደ ድራይቨሩ ይታለፋል፤ ድራይቨር ማለት ሥርዓቱን ከካርዱ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም ነው። ለአሮጌዎቹ የኢንቴል ትውልዶች በኡቡንቱና በደቢያን «አይ965» የተባለው የቪዲዮ ድራይቨር መኖሩ ይታያል። ፌዶራን የጫነ ሰው ደግሞ ይህን ማወቅ አለበት፦ በ2022 በፓተንት ምክንያት ኤች264ንና ኤችኢቪሲን በካርድ የመፍታት ችሎታ ከሜሳ ጥቅል ስለ ወጣ፣ ለኤኤምዲ ካርዶች ይህ ችሎታ የሚገኘው አርፒኤም ፊውዥን ከተባለው ማከማቻ ነው።

አስቸጋሪው የኤንቪዲያ ካርድ ነው። ለጂፎርስ 8፣ 9 እና 200 ተከታታይ ካርዶች ኩባንያው ያወጣው 340 የተባለው ድራይቨር በ2019 መታደሱን አቁሟል፤ 390 በ2022፣ 470 ደግሞ በ2024 ቆመዋል። እነዚህ አዲስ የሊኑክስ ከርነል ባለበት ላይ በቀላሉ አይገቡም። በምትካቸው ኑቮ የተባለው ነፃ ድራይቨር ይሠራል፤ ሆኖም በእነዚህ ካርዶች ቪዲዮ ለመፍታት የሚያስፈልገውን ፈርምዌር ይዞ አይመጣም፣ ካርዱም ሲነሣ በነበረበት ዝቅተኛ ፍጥነት ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለቪዲዮ ብሎ መግዛት አይመከርም፤ ለሒሳብ ሥራ ግን ደህና ነው።

ድራይቨሩ ተስተካክሎም ማጫወቻው በካርዱ ላይጠቀም ይችላል። ኤምፒቪ የተባለው ማጫወቻ ካልታዘዘ በስተቀር በፕሮሰሰሩ ነው የሚፈታው፤ ቪዲዮው እየሄደ ኮንትሮልና ኤች አንድነት ቢጫኑ ወደ ካርዱ ይዞራል። ፋየርፎክስ በሊኑክስ ላይ ለኢንቴል ካርዶች ይህን በራሱ ማድረግ የጀመረው በ2023 ከወጣው ከ115ኛው እትም አንሥቶ ስለ ሆነ፣ አሮጌ እትም ያለው ሰው ማደስ ይኖርበታል። ለዩቲዩብ ደግሞ ኤች264ፋይ የተባለው ተጨማሪ በብራውዘሩ ላይ ሲገባ፣ ገጹ በኤች264 የታሰረውን እንዲልክ ያደርገዋል።

ለባለሱቁ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ፋይሎቹን ራሳቸውን መለወጥ ነው። ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም በኤችኢቪሲ ወይም በኤቪ1 የታሰሩት ፊልሞች ወደ ኤች264፣ ስፋታቸውም ወደ 720 ወይም ወደ 480 ይመለሳሉ። ባረጀ መሣሪያ ሥራው ረጅም ሰዓት ስለሚፈጅ ሌሊት ማሠራት ይሻላል፤ መብራት ቢቋረጥ በሥራ ላይ የነበረው ፋይል ይበላሻልና ትልልቆቹን አንድ በአንድ መስጠት ነው። ለጊፋታ ሰሞን የሚፈለጉት የዘፈን ቪዲዮዎች በነሐሴ ወር እንዲህ ተዘጋጅተው ከቆዩ፣ ባለሱቁ በመስከረም ደንበኛ አቁሞ አይጨነቅም፤ የደንበኛው አሮጌ ቴሌቪዥንና ዲኮደርም ኤች264ን ከሌሎቹ ይልቅ ይቀበላል።

ያገለገለ ኮምፒዩተር ለመግዛት የሚሄድ ነጋዴ ሊኑክስ የተጫነበትና ሳይገጠም የሚነሣ ፍላሽ፣ ከእርሱም ጋር አንዱ በኤች264 ሌላው በቪፒ9 የታሰሩ ሁለት ፋይሎች ይዞ ቢሄድ፣ በሻጩ ጠረጴዛ ላይ በ10 ደቂቃ ውስጥ መፈተን ይችላል። ኤች264ው እየሄደ ቪፒ9ው ብቻ ቢቆራረጥ መሣሪያው ዕድሜውን የሚመስል ሥራ እየሠራ ነው። ሁለቱም መጀመሪያ በደህና ሄደው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መዘግየት ቢጀምሩ ግን ከፍቶ ፋኑንና በማቀዝቀዣው ላይ የተጋገረውን አቧራ ማየት ይገባል።