ለጓሮ በርበሬ የትኛው ፖታሲየም?

ከቡታጅራ ወደ ባቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቆሼ ስሟ ከማረቆ በርበሬ ተለይቶ አይነሳም። እዚህ ስለ ማዳበሪያ ሲወራ ቀድመው የሚጠሩት ዩሪያና ኤንፒኤስ ናቸው። ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ድኝ ከእነዚህ ይገኛል፤ ፖታሲየም ግን የለባቸውም። በርበሬ ደግሞ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ፖታሲየምን አብዝቶ ይፈልጋል።

ስኳር ከቅጠል ወደ ፍሬ እንዲሄድ የሚያግዘው፣ ቅጠሉም ውኃውን ቆጥቦ ድርቅን እንዲችል የሚረዳው ይኸው ንጥረ ነገር ነው። እጥረቱ የሚታየው ከታች ባሉት ቅጠሎች ነው። ጠርዛቸው መጀመሪያ ይገረጣል፣ ቆይቶም እሳት እንደላሰው ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ተክሉ ያለውን ጥቂት ፖታሲየም ከአሮጌው ቅጠል እየወሰደ ለለጋው ስለሚሰጥ ጫፉ ገና አረንጓዴ ሊሆን ይችላል።

የኢትዮጵያ አፈር በፖታሲየም የበለጸገ ነው የሚለው እምነት ለአሥርተ ዓመታት ጸንቶ ኖሯል። መነሻውም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተደረገ የአፈር ጥናት ነው። ይሁንና ተመራማሪዎቹ ዋሴ ኃይሌና ተካልኝ ማሞ በጨንቻና በሀገረ ሰላም አሲዳማ አፈር ላይ ባደረጉት ሙከራ ፖታሲየም ያገኘ ድንች ምርቱ በግልጽ ጨምሯል። ስለዚህ ለአገሩ በሙሉ የሚሆን አንድ መልስ የለም።

ምድጃ ያለበት ቤት ሁሉ አመድ አያጣም። የእንጨት አመድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 7 በመቶ ፖታሽ (የማዳበሪያ ፖታሲየም የሚለካበት መጠሪያ፣ K₂O) ይይዛል፤ የአፈርን አሲድነትም ይቀንሳል። አፈሩ አሲዳማ በሆነበት በጉራጌ ደጋ፣ ለእንሰትና ለጎመን ማሳ መልካም ነው። በስምጥ ሸለቆው በኩል ግን አሲድ የሌለበት፣ አልፎ አልፎም ጨው የሚያወጣ አፈር ስላለ እዚያ አመድ መጨመር ጉዳቱ ያመዝናል። ደረቅ አፈር ላይ ሎሚ ጨምቀው አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት ማለት ነውና አመዱን ይተዉት። በሚስማማው ቦታም ቢሆን በካሬ ሜትር ከ100 ግራም አይብለጥ፤ ዝናብ የመታው አመድ ፖታሲየሙ ታጥቦ ይሄዳል። ከዩሪያ ጋር መቀላቀልማ ናይትሮጂኑን ወደ አየር መልቀቅ ነው።

ከሚገዙት ውስጥ ፖታሲየም ክሎራይድ ርካሹ ነው፤ 60 በመቶ ያህል ፖታሽ አለው። ነገር ግን ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ክፍሉ ክሎራይድ ነው፤ ስለዚህ ማዳበሪያው ክሎራይድን ለማይወዱ ለበርበሬና ለቃሪያ፣ በተለይም ውኃ አጠር በሆነ ጨዋማ መሬት ላይ አይመከርም። ፖታሲየም ሰልፌት ዋጋው ከፍ ይላል፤ በውስጡ ግን 50 በመቶ ያህል ፖታሽ ከድኝ ጋር አለ። ለቆሼ የጓሮ በርበሬ፣ እጥረቱ በምርመራ ከተረጋገጠ፣ ምርጫው እሱ ነው።

ማብዛቱም መዘዝ አለው። የበዛ ፖታሲየም ተክሉ ካልሲየምና ማግኒዚየም እንዳያገኝ ያግደዋል፤ ካልሲየም ያጣ በርበሬ ደግሞ የፍሬው ጫፍ ይበሰብሳል። በደንብ የበሰለ ፍግ ግን ፖታሲየሙን ከሌላው ንጥረ ነገር ጋር አዋዶ ይሰጣል፤ አፈሩንም ያለሰልሳል። ጥሩ ፍግ በየዓመቱ የሚያገኝ ጓሮ የከረጢት ማዳበሪያ ላያስፈልገው ይችላል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ከጓሮዎ አሥር ያህል ቦታዎች እስከ አንድ ስንዝር ጥልቀት አፈር ይውሰዱ፤ በንጹሕ ባልዲ ቀላቅለው ግማሽ ኪሎ ያህሉን በጥላ ያድርቁና ወደ ወረዳዎ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይዘው ይሂዱ፤ የት እንደሚመረመር ይጠይቁ።