ሆድም ሰዓት ይቆጥራል

ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የመጀመሪያውን፣ የዘወረደን ሳምንት ያውቀዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ቁርስ በለመደበት ሰዓት፣ ሆዱ ይጮኻል። ጥቂት ከታገሠ ምንም ሳይቀምስ ረሃቡ ጋብ ይልለታል። ቅድስት አልፎ ሦስተኛው ሳምንት ምኩራብ ሲገባ ደግሞ የጠዋቱ ጥሪ እየደከመ ወደ ከሰዓት በኋላ ይሄዳል። ሆዱ ያኔም አሁንም ባዶ ነው፤ የተለወጠው ሰዓቱ ነው። ግሬሊን የተባለው ረሃብ ቀስቃሽ ሆርሞን የለመድነው የምግብ ሰዓት ሲቃረብ አስቀድሞ በደማችን ውስጥ ይጨምራል።

ይህን ሰዓት የሚይዘው ማን ነው? ዋናው ሰዓት ያለው አንጎል ውስጥ ነው። የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ ከፍ ብሎ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል፣ 20,000 ያህል የነርቭ ሴሎች አሉ፤ ከዓይን በሚደርሳቸው የብርሃን ምልክት በየማለዳው ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ለምንቆጥር ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ጉበት፣ ቆሽት፣ ጨጓራና አንጀት ግን የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። በሴሎቻቸው ውስጥ አንዳንድ ዘረመሎች ፕሮቲን ያሠራሉ፤ ፕሮቲኑ ሲበዛ ተመልሶ ያንኑ ዘረመል ያስቆማል፤ ሲያልቅ ሥራው እንደገና ይጀመራል። አንዱ ዙር 24 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የዚህን አሠራር ምስጢር በፍራፍሬ ዝንብ ላይ የፈቱት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ በ2017 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የአይጦቹ ሙከራ ነው። አይጥ የምትበላው በአብዛኛው ሌሊት ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአይጦች ምግብ ቀን ቀን ብቻ ሰጧቸው። ከቀናት በኋላ የጉበታቸው ሰዓት ተገለበጠ፤ የአንጎላቸው ሰዓት ግን ንቅንቅ አላለም። አንጎል የሚከተለው ብርሃንን፣ ጉበት የሚከተለው ምግብን ስለሆነ በአንድ ገላ ውስጥ ቀንና ሌሊት ተምታቱ።

አምሽቶ የሚበላ ሰው ወደዚህ ይጠጋል። ጨጓራ ማታ የገባለትን ምግብ ወደ አንጀት የሚያሳልፈው ከጠዋቱ ይልቅ በዝግታ ነው። ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን ሜላቶኒን ሲጨምር ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያው ምግብ ማታ ሲበላ የደም ስኳርን ይበልጥ ከፍ ያደርጋል። የጨጓራ አሲድ ደግሞ በተቃራኒው ከማታ 4 እስከ ሌሊት 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ተኝተን ሳለ ምራቅም መዋጥም ስለሚቀንስ ሽቅብ የወጣውን አሲድ የሚያጥብ የለም። በልቶ ወዲያው የተኛ ሰው በቃር የሚነቃው ለዚህ ነው። ትልቁ አንጀትም ሌሊቱን አርፎ ስንነሣና ቁርስ ስንቀምስ ይነቃቃል።

የሌሊት ተረኛ ነርሶችንና ጥበቃዎችን ሳስብ ነገሩ ያሳስበኛል። የሆድ ሕመምም የስኳር በሽታም ቀን ከሚሠራው ይልቅ ይበዛባቸዋል፤ የሚጠየቁት ግን ብዙውን ጊዜ ምን እንደበሉ እንጂ መቼ እንደበሉ አይደለም። ተስፋ የሚሰጠኝ በ2021 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ይፋ የሆነ ጥናት ነው። 19 ጤነኛ ወጣቶች የሌሊት ሥራን በሚመስል ኑሮ ውስጥ እንዲቆዩ ተደረገ። ሌሊትም የበሉት የደም ስኳራቸው ከፍ አለ። እኩል ሌሊቱን ነቅተው ምግባቸውን በቀን ብቻ የበሉት ግን ስኳራቸው አልጨመረም።