ኮምባይነር ሲቆም ገበያው ወደ ቶርኖ ቤት ይሮጣል

በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ከኅዳር እስከ ጥር የሚሠራው ኮምባይነር ለባለቤቱ ገቢ የሚያስገኘው ባጨደው ኩንታል ልክ ነው። አንዲት ፒን ተሰብራ ማሽኑ ቆሞ ካደረ ሂሳቡም አብሮ ይቆማል። የደረሰ ሰብል ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ያልታሰበ ዝናብ ከጣለ ፍሬው ይረግፋል ወይም እዛላው ላይ ይበቅላል። ስለዚህ የመለዋወጫ ዋጋ የሚለካው በብር ብቻ ሳይሆን በሚፈጀው ቀን ጭምር ነው።

በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፍቀዱ ለማሽን ገዢዎች በር ከፍቷል። ማሽን በበዛ ቁጥር መለዋወጫ ፈላጊውም ይበዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ግን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ አስመጥቶ መጋዘን የሚሞላ ነጋዴ የሚያስፈልገው ካፒታልም በዚያው ልክ አበጠ።

የአገር ውስጥ አምራች ዕድል እዚህ ላይ ነው። ሙከራው አዲስ አይደለም፤ የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1984 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ነበር። ይሁንና ትራክተር መገጣጠም አንድ ነገር ነው፤ የተሸጠው ትራክተር ለዓመታት የሚፈልገውን ዕቃ ማቅረብ ሌላ ነው።

ፒን፣ ቡሽ፣ ፑሊና የማረሻ ምላስ በአገር ውስጥ ሊሠሩ ይችላሉ። ኩሽኔት፣ የናፍጣ ፓምፕና የሃይድሮሊክ ጎሚኒ ግን የሚጠበቁት ከውጭ ነው። ጥሩው ብረትም ቢሆን የሚገዛው በዶላር ነው፤ የአገር ውስጡ ብልጫ በጉልበት ዋጋና በፍጥነት ላይ ነው።

የገዢው ስጋት ጥራት ነው። ልኩን ጠብቆ መቁረጥ ብቻውን አይበቃም። ከግንባታ ፌሮ የተቆረጠ ፒን ይጎብጣል። በእሳት ግሎ በዘይት ካልጠነከረ ቶሎ ይበላል፤ ከልክ በላይ ከጠነከረ ደግሞ ይሰነጠቃል። ቡሹ ከፒኑ መለስለስ ይኖርበታል፤ ርካሹ ተበልቶ ውዱ እንዲተርፍ። ስለሆነም ነጋዴው ዕቃ ሲያዝ የብረቱን ዓይነትና የጥንካሬውን መጠን በጽሑፍ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ብልህ ነጋዴ ናሙናውን ቶርኖ ቤት የሚያደርሰው በሐምሌና በነሐሴ፣ ማሽኑ ሥራ በፈታበት ወቅት ነው። በኅዳር የተሰበረ ፒን ይዞ ቶርኖ ቤት ደጃፍ የቆመ ሰው ዋጋ አይከራከርም።