ጣርማ በር ላይ የሚይዘው ማርሽ እንጂ ፍሬን አይደለም



ዛሬ የዋጋ ዝርዝር አይደለም የማወራችሁ፤ ግን ከዋጋም ሩቅ አይደለም። ትምህርት ሊከፈት ነው። ገበሬው ለደብተር፣ ለዩኒፎርም፣ ደብረ ብርሃን ለሚማር ልጁ የቤት ኪራይ ሲል ጎተራ የቀረችውን ስንዴና ባቄላ ያወጣል። የመኸሩ ምርት ገና ስለሆነ ገዢው ይሻማል፣ መኪና ይጠፋል። መኪና ሲጠፋ ደግሞ እኛ ደላሎች መንጃ ፈቃድ የያዘው ሁሉ ሹፌር ይመስለናል።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። 19 ዓመቱ ነው፣ የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ወሩ። ቤተሰቡ ደብረ ሲና፣ እሱ ደብረ ብርሃን ኮሌጅ። አባቱ አሮጌዋን ደብል ጋቢና ሰጥቶታል። «አጎቴ፣ እሁድ እሁድ እህቴን ከነስንቋ አደርሳለሁ። አርብ ባዶዬን ከምወርድ አሥር ኩንታል ስንዴ ፈልግልኝ፣ ለትምህርቴ ይሆነኛል» አለኝ።

ስንዴው ነበረኝ፣ ተቀባዩም አለ። እሺ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያቆመኝ የራሴ ጥፋት ነው።

አምና በዚሁ ሰሞን አንድ ወጣት ሹፌር በአይሱዙ ባቄላ ጭኖልኝ ይወርድ ነበር። «ሳይመሽ ድረስልኝ፣ ገዢው ይሄድብኛል» እያልኩ ሦስቴ ደወልኩለት። ጣርማ በርን ታውቁታላችሁ። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በክረምት ጉሙ የፊትህን መኪና አያሳይህም። ልጁ ለመፍጠን ብሎ በከፍተኛ ማርሽ ለቀቃት፣ ፍሬን እየረገጠ ወረደ። ከዋሻው ብዙም ሳይርቅ ፍሬኑ ጨሰ፣ ፔዳሉ ባዶ ሆነ። እግዜር ሲያተርፈው ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ አፈር ላይ አቆማት። ሰው አልተጎዳም፣ ባቄላው ጭቃ ላይ ፈሰሰ። ስደርስ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስልኩ ላይ ያልተነሳ ጥሪ አለ፤ የኔ ነው፣ አራተኛው።

ያኔ ለሰው ያወራሁት «ሹፌሩ ልምድ የለውም» ብዬ ነው። ስለ ደወሌ ዛሬ ገና መናገሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬን ሳይለቁ ሲረግጡት ሸራው ይግላል፣ መያዙ ይቀንሳል። የፍሬን ዘይቱ አርጅቶ እርጥበት ከሳበ ደግሞ ይፈላል፣ ያኔ ፔዳሉ ቢረገጥም ባዶ ነው። ስለዚህ ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚባለው ለዚህ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ነፃ አድርጎ መልቀቅ ግን በነፍስ መቆመር ነው።

ቅዳሜ ከልጁ ጋር ጋራዥ ዋልን። ያየነው ይሄን ነው፦

1. የፍሬን ሸራና ዘይት። ዘይቱ ጠቁሮ ነበር፣ ቀየርነው።
2. አራቱም ጎማና ትርፉ። ሁለቱ ልሰዋል።
3. የጉም መብራት፣ የኋላ መብራት፣ የመስታወት መጥረጊያ።
4. ክሪክ፣ ታኮ፣ ሦስት ማዕዘን ምልክት።
5. ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን።

ከዚያ ባዶዋን መኪና ጣርማ በርን አወረዳት፣ እኔ ጎኑ ተቀምጬ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ ብሎ። ከኋላ ክላክስ ነፉብን። «ይንፉ፣ አሳልፋቸው» አልኩት።

ስንዴውን አልሰጠሁትም። አሥር ኩንታል 1,000 ኪሎ ነው፤ እህቱንም ጨምሮ ለዚያች መኪና፣ ለዚያ ቁልቁለት፣ ለሦስት ወር ሹፌር ይበዛል። ተከፋ። «ለሌላ ሰው ልጅ ትሰጥ የለ እንዴ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ሚዛን እየያዘ እንዲሠራ ተስማማን።

የሙያ ጓደኞቼ፣ በዚህ ግርግር አደራ። የአውቶሞቢል ፈቃድ ለያዘ ልጅ አይሱዙ አትስጡ። ጭነት ከዋሻው ወዲህ ቁልቁል ሲጀምር ስልካችሁን አስቀምጡ። ደብረ ሲና ሲደርስ እሱ ይደውልላችኋል። ገዢ ቢሄድ ሌላ ገዢ ይመጣል።

የነገው የስንዴና የባቄላ ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት ይለቀቃል። መልካም የትምህርት ዘመን!